ወንዙን ከድንጋይ ቦዩ ያስወጡት እህታችን የሕይወት ታሪክ

ውድ እህታችን ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1946 ዓ.ም. ክረምት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው በኋላ ሁለት ወንዶች ተወልደዋል፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የመጨረሻው ነው። እህታችን በሕይወት ሳሉ "የእኔን ስትጽፍ አታንዛዛ፤ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው" ብለው አስጠንቅቀውታል። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ወንድም ቃሉን ለመጠበቅ ይሞክራል። ባይሳካለትም ቅሬታ የሚያቀርቡበት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ዛሬ ከሳሽ የለውም።

አባታችን ውሃ ባዩ ቁጥር ቧንቧ ውስጥ ካላስገቡ የማያርፉ ሰው ነበሩ። በቤታችን ጣራ ላይ ያረፈ ጠብታ በአሸንዳ ወርዶ በርሜል ሳይገባ መሬት ረግጦ አያውቅም። እህታችን ግን ገና በአምስት ዓመታቸው ዝናቡ ሲያባራ ማንኪያ ይዘው ጓሮ ይወጡና ውሃው በገዛ ፈቃዱ ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉ ነበር። እናታችን በጭቃ የተለወሰውን ቀሚስ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል፤ ሰፍተው ያለበሱትን መልሰው የሚያጥቡት እርሳቸው ነበሩና።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ሄደው አምስት ዓመት የመልክዓ ምድር ንድፍ ተምረው ተመረቁ። እናታችን ለጎረቤት "ልጄ አምስት ዓመት ሙሉ ተምራ አትክልተኛ ሆና መጣች" እያሉ አለቀሱ። እህታችን አስቀምጠው አስረዷቸው፤ አትክልተኛ አበባውን እንደሚተክል፣ የእርሳቸው ሥራ ግን ውሃው፣ አፈሩ፣ ዛፉ፣ ወፉና ሰውየው ሳይጣሉ የሚኖሩበትን ቦታ መንደፍ እንደሆነ። እናታችን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "ታዲያ እሱን ፈጣሪ ነድፎት የለም እንዴ?" አሉ።  እህታችን ከዓመታት በኋላ ለተማሪዎች ንግግር ሲጋበዙ የሚጀምሩት በዚህች ጥያቄ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተቀጠሩ። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመሐንዲሶቹ ክፍል ጥግ፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነበረች። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የተሰጣቸው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከድንጋይ ካባው ኮረብታ የሚነሳው ወንዝ ከጫማ ፋብሪካው በላይ ባለው ጨፌ ውስጥ እየተጠማዘዘ ያዘግምና ከዚያ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርድ ነበር። ጨፌው የቆሻሻ መጣያ ስለሆነ ነዋሪው ተማርሮ ነበር። እህታችን ወንዙን አቀኑት። አራት መቶ ሜትር የሚረዝም፣ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ፣ ግራና ቀኙ አበባና አግዳሚ ወንበር ያለው ቀጥ ያለ ቦይ ነደፉ። ጨፌው ደረቀ፤ ቆሻሻውም ተጠረገ። ሥራው ተሸለመና ፎቶግራፋቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አባታችን ጋዜጣውን በመስታወት አስገጥመው ሳሎን ሰቀሉት፤ ልጃቸው እንደ አባቷ ውሃን መስመር በማስያዟ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

ስህተቱ የት እንደነበር እህታችን ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይሸሽጉ ይናገሩ ነበር። "ቦታውን ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ሦስቱም ጊዜ በጋ ነበር" ይላሉ።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ኮረብታው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ድሮ በጨፌው ሲንከላወስ፣ ሲንጣለልና ሲሰርግ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅበት የነበረው ውሃ በተወለወለው ቦይ ተንደርድሮ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ታችኛው ሰፈር ደረሰ። አሥራ አንድ ቤት ፈረሰ። ሰው አልሞተም፤ እህታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈጣሪን ያመሰገኑት በዚህ ነው። የሰፈሩ ዳቦ ቤት ግን ግድግዳው ተደርምሶ ዱቄቱና ምድጃው አንድ ላይ ጭቃ ሆኑ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። በዚህ ጽሑፍ አንቱ ተብላ እንዳትጠራ ራሷ አጥብቃ ስላሳሰበች ፈቃዷ ተጠብቋል።

መሥሪያ ቤቱ "ከአቅም በላይ የሆነ የተፈጥሮ አደጋ" የሚል ሪፖርት አዘጋጅቶ እንዲፈርሙበት አቀረበላቸው። አልፈረሙም። በሌላ ወረቀት ላይ በእጃቸው "ጥፋቱ የንድፉ ነው፤ ንድፉ የእኔ ነው" ብለው ጽፈው ለአለቃቸው ሰጡ። ቅጂውን ይዘው ታችኛው ሰፈር ወረዱና በየቤቱ እያነበቡ ይቅርታ ጠየቁ። አንዳንዱ ሰማቸው፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋባቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ ካነበበች በኋላ "ይሄ ግድግዳ ይሆነኛል?" ብላ መለሰችላቸው። "እትዬ ጎርፍ" የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያ ሳምንት ነው። ሳሎን የተሰቀለውን ጋዜጣ ያወረዱትም ራሳቸው ናቸው።

አለቃቸው ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ እህታችንን ከከተማ ውጭ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ አዛወሯቸው። ቅጣት መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። እህታችን ግን በዚያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠው ዩኒቨርሲቲ ያላስተማራቸውን ተማሩ። የትኛው ቄጠማ የወንዝ ዳር አፈርን ጨብጦ እንደሚይዝ፣ የትኛው ሸምበቆ ጎርፍ አጎንብሶ አሳልፎ ተመልሶ እንደሚቆም፣ ከሩቅ የመጣ ውብ ተክል የአገሩን ተክል እንዴት አድርጎ ከቦታው እንደሚያፈናቅል በዓይናቸው አዩ። ዘሩን በኪሳቸው እየለቀሙ ይመጡ ስለነበር የኮታቸው ኪስ ሲገለበጥ ትንሽ ጓሮ የሚያለማ ነገር ይወጣው ነበር። እናታችንም ልጃቸው የእውነት አትክልተኛ መሆናቸውን አይተው አረፉ።

በ1980 ዓ.ም. ከመነጽር ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት እህታችን "መነጽሬ አላሳይ አለኝ" ብለው ሱቃቸው በሄዱበት ቀን ነው። ባለሙያው መነጽሩን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ "እመቤቴ፣ መነጽሩ ጤነኛ ነው፤ ጭቃው ነው የሚታይዎት" አሏቸው። ከዚህ ትዳር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ ነርስ፣ ወንዱ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ወንዱ ልጃቸው "እናቴ ሣሩ አይቆረጥ እያለች ከሰው ጋር ትጣላለች፣ እኔ በመቁረጥ እንጀራዬን እበላለሁ" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በ1988 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱን ለቀው ከባለቤታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። በሩ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ለጠፉ፤ ክረምቱን ያላዩትን ቦታ አይነድፉም። ደንበኛ በበጋ መጥቶ "በሚቀጥለው ወር ግንባታ እጀምራለሁ" ካላቸው "እንግዲያው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ፤ እኔ ዝናቡን ሳላነጋግር እርሳስ አላነሳም" ይሉታል። ብዙዎች ጥለዋቸው ሄደዋል። የቀሩት በዝናብ መካከል ቦቲ ተጫምተው ችካል ሲተክሉ ያገኟቸው ነበር። ውሃው የሄደበትን በሰማያዊ፣ የቆመበትን በቀይ ቀለም ችካል ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ሕንፃውም መንገዱም ቦታ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የሆስፒታሉን ግቢ ያየ ሰው ሥራቸውን ያውቃል። የመኪና ማቆሚያው ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሊለብስ ሲል ድንጋይና ሣር እየተፈራረቀ እንዲነጠፍ ያደረጉት፣ ዝናቡም እዚያው እንዲሰርግ ያበቁት እርሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤቱ አጥር ግንባታ ጊዜ መሐንዲሱ "ዛፉ መስመራችን ላይ ነው፤ ይነሳ" ሲሉ፣ እህታችን "ዛፉ ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ አጥሩ ገና አልተወለደም፤ ታናሹ ይዙር" አሏቸው። አጥሩ ዛሬም እዚያ ጋ ሲደርስ ሆዱን ነፋ አድርጎ ያልፋል። በሐይቁ ዳር መዝናኛ ደግሞ ወፎች የሚፈለፍሉበት ዳርቻ መብራት እንዳይተከል ሁለት ዓመት ተከራክረው ረትተዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር አላስተኛቸውም። ያ ቦይ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ከምግብ ላይም ቢሆን ተነስተው መስኮት ሥር ይቆማሉ። ባለቤታቸው ወንበር ቢያስጠጉላቸው አይቀመጡም። በ1999 ዓ.ም. ቦዩ ፈርሶ ወንዙ ወደ ቀድሞ ጠመዝማዛው እንዲመለስ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ አስገቡ፤ ተመለሰባቸው። በ2004 ዓ.ም. ደገሙ፤ "የተሸለመ ሥራ አይፈርስም" ተባሉ። ሽልማቱን ይዘው ሄደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላቸው፤ ያም አልረዳም። በ2011 ዓ.ም. ግን ድንጋዩ ራሱ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱ ወይ ቦዩን ከፍ አድርጎ እንደገና መገንባት ወይም የእህታችንን ንድፍ መቀበል ነበረበት። የታችኛው ሰፈር ነዋሪ ከተስማማ ይሁን ተባለ።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። እህታችን የስልሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ጡረታ የወጡ፣ ካርታቸውን በልብስ መስቀያ ሰቅለው ከፊት ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ ተነሳችና "አንዴ ሠርተው አፈረሱን፤ አሁን ደግሞ አፍርሰው ሊሠሩን ነው?" አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወንድማቸው አጠገባቸው ነበር፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። እህታችን ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው "እውነትሽን ነው። ያኔ ክረምቱን አላየሁትም። አሁን ከእናንተ ጋር አብሬ ልቀመጥና ልየው። ካየሁት በኋላም እምቢ ካላችሁ ካርታዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ" አሉ።

የ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ከዳቦ ቤቱ ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ባለቤታቸው "በስተርጅና ተከራይ ልታደርገን ነው" እያሉ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም አልጋውን ተሸክመው ያስገቡት እርሳቸው ናቸው። እህታችን ቤት ለቤት እየዞሩ "በሰባ ስምንቱ ውሃው እስከየት ደረሰ?" ብለው እየጠየቁ በየግድግዳው ምልክት አደረጉ። የሰፈሩን ስልሳ ሦስት ቤቶች በሙሉ አዳረሱ። አዛውንቶቹን አሰባስበው የቀድሞው ወንዝ የት የት ይታጠፍ እንደነበር አስነገሯቸው፤ አንዱ ታጠፈ ያለውን ሌላው አልታጠፈም ሲል ሁለቱንም ይዘው ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሰላምታም አልሰጠቻቸውም። በአራተኛው ሳምንት ዝናብ ሲያይልባቸው በርጩማ አወጣችላቸው። በሰባተኛው ሳምንት "እትዬ ጎርፍ፣ ያ ችካልዎ ተሳስቷል፤ ውሃው እኮ በዚህ ነው የሚመጣው" ብላ ራሷ ነቅላ ተከለችው። እህታችን ንድፉን እንደ አዲስ የጀመሩት ከዚያ ቦታ ነው። ነዋሪው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ፈረመላቸው።

ሥራው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ድንጋዩ ተነቀለ፤ ወንዙ መታጠፊያዎቹን መልሶ አገኘ፤ ጨፌው ቆሻሻ እንዳይጣልበት ታጥሮ ውሃ እንዲንጣለልበት ተተወ። ዳርና ዳሩ የተተከለው ቄጠማና ሸምበቆ ሁሉ ከኮረብታው ሥር ከራሱ ከወንዙ አናት የመጣ ዘር ነው። አባታችን በሕይወት ኖረው ቢያዩት "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስገባሁትን አንቺ አስወጣሽው" ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ነገር ግን ንድፉ አልተፈተነም። የ2014፣ የ2015ና የ2016 ክረምቶች ስስ ነበሩ። ሰው "አበቃ፣ ተሳካ" ሲላቸው እህታችን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እርሳቸው የሚጠብቁት የሰባ ስምንቱን ዓይነት ዝናብ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የጉበት ሕመም ያዛቸው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው በነገሯቸው ዕለት ያሉት "የሚቀጥለውን ክረምት አየዋለሁ?" ብቻ ነበር። ሞትን አልፈሩም። የፈሩት ያንን ሰፈር ሁለት ጊዜ አፍርሰው እንዳይሆን ሳያውቁ መሄድን ነው።

ክረምቱን አዩት። በ2017 ዓ.ም. የክረምቱ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ለሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። የአየር ትንበያው ከሰባ ስምንቱ እንደሚበልጥ ተናግሮ ነበር። እህታችን በነርሷ ልጃቸው ቤት አልጋ ላይ ነበሩ፤ መነሳት አይችሉም። ልጃቸው መጋረጃውን ዘጋች፣ ባለቤታቸው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ፣ ወንድማቸው ደግሞ ዝናቡን ያልሰማ መስሎ ወሬ አመጣ። "ሦስታችሁም ትዋሻላችሁ፤ አንዳችሁም አትችሉበትም" አሉና መጋረጃውን አስከፈቱ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት በሩ ተንኳኳ። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ፣ በእጇ የላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። ምን ልትነግራቸው እንደመጣች አናውቅም ነበር።

"ደጄ ደረቅ ነው" አለች ገና ከበሩ።

"የሌላውስ?" አሉ እህታችን።

"ሁሉንም ዞሬ አየሁ፤ አንድም ቤት አልገባም። ጨፌዎ ግን ሞልቶ አጥሩ ጋ ደርሷል። ሽመላ ሁሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቆሞበታል።"

እህታችን እጃቸውን ዘረጉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጠርሙሱን ሰጠቻቸው፤ ከዳቦ ቤቷ በታች ካለው ድልድይ ሥር የቀዳችው ውሃ ነበር። ልጃቸው ከወዲያ በኩል ይዛላቸው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። ወንዝ ሲጣደፍ አፈሩን እየገፈፈ ስለሚወርድ ይደፈርሳል፤ ዝግ ብሎ ሲሄድ ግን የያዘውን እያስቀመጠ ይሄዳል። በጠርሙሱ ውስጥ የልጃቸው ጣቶች በወዲያኛው በኩል ይታዩ ነበር።  "በቃ" አሉ እህታችን። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ከቀትር እስከ ማታ ተኙ። ባለቤታቸው "ሠላሳ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ዝናብ እየዘነበ እንቅልፍ ሲወስዳት ያን ቀን አየሁ" ብለዋል።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። ስለ ወንዙ መልሰው አልጠየቁም። የልጅ ልጃቸውን ጨዋታ እያዩ፣ ከባለቤታቸው ጋር ስለ ድሮ እየተሳሳቁ፣ ሕመሙም እንደተፈራው ሳይበረታባቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ሐዘናችን ትልቅ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እፎይታችንም ትልቅ ነው፤ የሚወዱት ሰው ጭንቀቱን አውርዶ ሲሄድ ማየት ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ያስተማሯቸውን ወጣት ባለሙያዎችና ታችኛውን ሰፈር ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለተንከባከቧቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ ሁሉ ቤተሰቡ የልብ ምስጋናውን ያቀርባል።

አንድ ነገር ይጨመር። ከ1978ቱ ጎርፍ ወዲህ የታችኛው ሰፈር ሰው በዝናብ ወራት ቤቱን ለቆ አይሄድም። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ውሃውን ሊጠብቅ ይቀራል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ ኖረዋል። ትናንት ለቀብሩ አውቶቡስ ልናዘጋጅ ስንት ሰው እንደሚመጣ ዳቦ ጋጋሪዋን ጠየቅናት፤ ለዛሬ ዝናብ እንደሚጠበቅ ተነግሮ ስለነበር ጠባቂዎቹን ቀንሳ እንድትነግረን ነበር የፈለግነው። "ከስልሳ ሦስቱም ቤት ሁሉም ሰው ይመጣል" አለችን። ለውሃው ማን እንደሚቀር ስንጠይቃት "ማንም" አለች።

ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። ከቀብር በኋላ ሁላችሁም በሰላም፣ ወደ ደረቅ ቤታችሁ ግቡ።